ጠበኞቹ ተመዝጋቢዎች

በዶሻ ሰው ጠዋት ሲነሣ ፊቱን ከመታጠቡ በፊት ደብዳቤዎቹን ያያል። ማንበብ አይደለም፤ ማየት ነው። እልፍኝ የሚባለው የኢሜይል ድርጅት ዓይን የት ላይ እንዳረፈና ምን ያህል እንደቆየ ይለካል። ዓይን ያላረፈበትን ደብዳቤ ለተወሰነ ጊዜ ይታገሠዋል፤ ከዚያ በኋላ ከበር ይመልሰዋል። ስለዚህ ሰዎች የትምህርት ቤቱን መልእክት፣ የጤና ጣቢያውን ቀጠሮ፣ የመብራት ማጥፊያ ፕሮግራሙን በየተራ ከፍተው ትኩር ብለው ይመለከታሉ። አንዳንዱ ሻይ እየጠጣ ያደርገዋል። አንዳንዱ ዓይኑን ላለማርገብገብ ይጠነቀቃል፤ ይህ ይጥቀም አይጥቀም ግን የሚያውቅ የለም።

የትኛው ደብዳቤ ገብቶ የትኛው እንደሚመለስ የሚወስነውን ነገር ሁሉም «ዘበኛው» ይሉታል። ሌሎች የኢሜይል ድርጅቶችም አሉ። የሚቀጥሩት ግን ያንኑ ዘበኛ ነው።

ማራማዊት ሮቤልም ጠዋት ጠዋት የራሷን ታያለች። ከዩኒቨርሲቲ ከተመለሰች ጀምሮ ቤት ተቀምጣ የትርጉም ጽሑፎችን ታርማለች፤ ሥራዋ ሁሉ በደብዳቤ ስለሚመጣ ማየቱን አታጓድልም። የአባቷ የአቶ ሮቤል ዓይን ግን ደክሟል። የእሳቸው ሳጥን ባዶ ከሆነ ቆይቷል።

አቶ ሮቤል በዚህ ብዙም አልተከፉም። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሣቸው ነገር ከቤቱ በስተጀርባ ያሉት የንብ ቀፎዎች ናቸው። ቀፎዎቹን በድምፅ ያውቋቸዋል። ጆሯቸውን አስጠግተው «ይህቺ ደህና ናት፣ ይህቺ ተርባለች» ይላሉ። የሚፈልጉት ደብዳቤም አንድ ብቻ ነበር፤ የእትዬ ሳምራዊት።

በዶሻ ዙሪያ ያለው መሬት ሁሉ ስንዴ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዋግ እንዳይመታው ድሮኖች መድኃኒት ይረጩበታል። ርጭቱ ንብ ይገድላል። ንብ አናቢው የሚረጭበትን ቀን ካወቀ ግን በዋዜማው፣ ንቦቹ ሁሉ ሲገቡ፣ የቀፎውን በር በእርጥብ ጆንያ ይደፍናል፤ በማግስቱ ማታ ይከፍታል። ዝም ብሎ በየቀኑ መዝጋት አይቻልም። የመጭ አበባ ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው በዚያው ሰሞን ስለሆነ የተዘጋ ቀፎ ይራባል፣ ይታፈናል።

የርጭቱን ቀን ረጪዎቹ ድርጅቶች ያወጣሉ፤ የሚያወጡት ግን በቁጥርና በምልክት በተሞላ ረጅም ሰነድ ነው። ያንን ሰነድ በሰው ቋንቋ የሚጽፉት በዕፅዋት ጥበቃ ሠርተው ጡረታ የወጡት እትዬ ሳምራዊት ነበሩ። አርሲ ውስጥ የሆነ ከተማ ይኖራሉ። የት እንደሆነ ዶሻ ውስጥ የሚያውቅ የለም፤ እልፍኝ ለደኅንነት ሲል የጸሐፊዎችን አድራሻ ይሰውራል። «የሳምንቱ ርጭት» የሚባለው ደብዳቤያቸው በየሐሙሱ ይመጣል። የቱ ማሳ፣ የቱ ቀን፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ይናገራል። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ምራታቸው ወጥ፣ ስለሚያፈስሰው ጣሪያቸው ይቀጥላል። የዶሻ ሰዎች እትዬ ሳምራዊትን አይተዋቸው ባያውቁም ምራታቸውን ያሟታል።

ለደብዳቤው የዶሻ ንብ አናቢዎች ሁሉ ተመዝግበዋል። ግን አይከፍቱትም ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የማር ማኅበሩ መጋዘን በረንዳ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ማራማዊት ከፍታ ታነብላቸዋለች። በራሷ ቃል ሰው ፊት መናገር የማትወድ ልጅ ናት። የሌላ ሰው ቃል ማንበብ ግን አያስቸግራትም።

በመስከረም ሁለተኛው ሐሙስ ደብዳቤው አልመጣም።

«ታማ ይሆናል» አሉ እትዬ ቤተልሔም፣ ከሁሉም ፊት የሚቀመጡት። «ጉልበቷ ነው።»

«ምራቷ አላስጽፍ ብላት ይሆናል» አሉ ጋሽ ኪሩቤል፣ የማኅበሩ ነጭናጫ። ሰዎቹ ሳቁ፣ ለእትዬ ሳምራዊት ምሕረት ለምነው ተበተኑ።

በማግስቱ ጠዋት ድሮኖቹ መጡ። ጸሓይ ሞቅ ሲል የጋሽ ኪሩቤል ንቦች ከቀፎዎቻቸው ፊት እንደ ገለባ ተነጥፈው ነበር፤ አንዳንዶቹ ክንፋቸውን ያርገበግባሉ፣ መነሣት ግን አልቻሉም። አቶ ሮቤል ቀፎዎቻቸውን በየተራ አዳመጡ። ሁለቱ ጋ ሲደርሱ ጆሯቸውን ቶሎ አላነሡም።

«አባዬ?» አለች ማራማዊት።

«ዝም ብለዋል» አሉ።

ማራማዊት ወደ እልፍኝ ደወለች።

«እንደምን ዋሉ፣ ማራማዊት» አለ ድምፁ። «ምን ልታዘዝ?»

«የእትዬ ሳምራዊት ደብዳቤ አልደረሰንም።»

«ደብዳቤው በሰዓቱ መጥቷል። እንደማትፈልጉት ስለተረዳን ከበር መልሰነዋል።»

«እንፈልገዋለን።»

«ከዶሻ ተመዝጋቢዎች የሚከፍቱት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌሎቹ ሊያዩት እንኳ አልፈለጉም። አብዛኛው ሰው የማይፈልገውን ደብዳቤ ወደ አካባቢው አናስገባም።»

«ስለሚሰሙት ነው። እኔ አነብላቸዋለሁ።»

«ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። መስማት ከመለኪያዎቻችን ውስጥ የለም።»

«ንቦቻችን ሞቱ እኮ!»

«በደረሰብዎ ኀዘን እናዝናለን። የንብ ጉዳይ ከሚመለከተው ክፍል ጋር ላገናኝዎ?»

«እንዲህ ያለ ክፍል አላችሁ?»

«የለንም።»

  ድምፁ በዚያው ትሕትና ተመዝጋቢዎች ማድረግ የሚችሉትን ነገራት። እያንዳንዱ ሰው ጸሐፊዋን «ቤተኛ» ብሎ ይመዝግብ። የቆዩ ደብዳቤዎቿን በራሱ ስልክ ከፍቶ ይመልከት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መልስ ይጻፍላት፤ መልስ የሚጻፍለት ደብዳቤ ተፈላጊ ነውና።

ቅዳሜ በረንዳው ሞላ። ማየት ለሚችል ማየቱ ቀላል ነበር። ለማይችለው ስልኩን ፊቱ ላይ ደግነው ያዙለት፤ አቶ ሮቤልም የማያነቡትን ደብዳቤ በትዕግሥት ተመለከቱ። ጥያቄው መልሱ ላይ መጣ።

«ምን ብለን ነው የምንጽፈው?» አለ አንዱ።

«ምን ይጻፋል፤ ይመረቃል እንጂ» አሉ እትዬ ቤተልሔም። «ጻፊ ማራ። እትዬ ሳምራዊት፣ እግዜር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ጉልበትሽን ይማርልሽ። ውለታሽን ከፋይ ያድርገን።»

ማራማዊት ጻፈች። ጥሩ ምርቃት ስለነበር የሚጨምርም የሚቀንስም አልተገኘም። ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ፤ እያንዳንዱ ስሙን ከሥሩ አድርጎ ላከ። ጋሽ ኪሩቤል አልመጡም ነበር። ቤታቸው ሆነው የሞቱ ንቦች እየጠረጉ የራሳቸውን ዓርብ ዕለት እንደጻፉ ላኩባቸው።

እስከ ሐሙስ ሁሉም በግምት ዘጋ፣ በግምት ከፈተ። አቶ ሮቤል ሦስት ቀን ዘግተው በአራተኛው ሲከፍቱ ንቦቹ በሩ ላይ ተጠቅጥቀው፣ በሙቀት ዝለው ተገኙ። ድሮን ግን አልመጣም ነበር። «በከንቱ ነው ያሠቃየኋቸው» ብለው ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ።

ሐሙስ ደብዳቤ አልመጣም። የመጣው የእልፍኝ ማስታወቂያ ነበር። ማራማዊት አነበበችው።

«ውድ ደንበኞቻችን። ከአካባቢያችሁ ለጸሐፊዋ የተላኩት መልሶች ቃል በቃል ተመሳሳይ በመሆናቸው በማሽን የተቀነባበሩ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ አልተላለፉም። ከተላኩት መካከል የሰው መሆኑ ተረጋግጦ ለጸሐፊዋ የደረሰው አንድ መልስ ብቻ ነው።»

«ማሽን?» አሉ እትዬ ቤተልሔም። «እኔ ነኝ ማሽን? ምርቃት ሌላ ምን ዓይነት ይሆናል? ሰው ሲመረቅ አሜን ነው የሚባለው፤ እያንዳንዱ ለየብቻው አዲስ አሜን ይፈልጋል እንዴ?»

«የማን ነው የደረሰው?» አለ አንዱ።

ጋሽ ኪሩቤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእኔ ሳይሆን አይቀርም።»

«ምን ብለህ ነው የጻፍክላት ኪሩቤል?»

ጋሽ ኪሩቤል ስልካቸውን ለማራማዊት ሰጧት። እሷም እንደ ልማዷ ጮክ ብላ ጀምራ ነበር፤ መሐል ላይ ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ።

«ሳምራዊት፣ ሦስት ቀፎ አለቀብኝ። ተኝተሽ ነው ወይስ ረስተሽን? ንብ የማያውቅ ሰው ስለ ንብ ባይጽፍ ይሻላል።»



«እሷ ጋ የደረሰው ይሄ ብቻ ነው?» አሉ እትዬ ቤተልሔም።

«ይሄ ብቻ» አለች ማራማዊት።

«ተናድጄ ነበር» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «ደብዳቤዋ መታገዱን በምን አውቄ? ግን ልብ በሉ። ዘበኛው እኔን ነው ያመነኝ።»

ሐሳቡ ከማን እንደወጣ በኋላ ሁሉም በሌላው አሳበበ። ምርቃት አንድ ዓይነት ነው፤ ጠብ ግን የየሰዉ ነው። ሁሉም ከእትዬ ሳምራዊት ጋር የራሱን ጠብ ቢጣላ ዘበኛው ሰው መሆናቸውን ያምናል። ድሮኖቹ ደግሞ ሳምንቱን ሳይጨርሱ መመለሳቸው አይቀርም ነበር።

«መጨረሻው ላይ የምራችንን አይደለም ብንልስ?» አለች ማራማዊት። በጉባኤው የራሷን ሐሳብ ስትናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ሁሉም ያንን ካለ ያው ምርቃቱ ሆነ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። ትክክል ነበሩ።

እናም ተቀምጠው ጠብ ፈለጉ። መፈለጉ ቀላል አልነበረም።

«ምን በደለችኝና ነው የምሰድባት?» ይላል አንዱ።

«ባለፈው ዓመት ዝናብ ይመጣል ብላ ቀረ አላልክም?»

«እሱማ እግዜር ነው ያስቀረው።»

«ጻፈው። እሷ ነች በል።»

እትዬ ቤተልሔም «የምራትሽን ስም በየሳምንቱ ታነሺያለሽ፣ አንቺስ ምን ዓይነት አማት ነሽ?» ብለው አስጻፉና እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አንዲት ሴት ጽፋ ስትጨርስ አለቀሰች። ሌላው እየጣመው ሄዶ ሁለት ገጽ ሞላ፤ በስተመጨረሻው የሚያወራው ስለ ወንድሙ ነበር።

ማራማዊት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ዓረፍተ ነገሮችዎ ይረዝማሉ። ስለ ጉልበትዎና ስለ ጣሪያዎ የሚጽፉት ንብ አናቢን አይጠቅምም። እባክዎ ወደ ጉዳዩ ይግቡ።»

ጋሽ ኪሩቤል ከትከሻዋ በላይ አነበቡ። «በእርስዎ ነው የምትሳደቢው?»

«ሌላ አልችልም።»

«እሱም ይሁን። የባሰ ያማል።»

አቶ ሮቤል እምቢ አሉ። «የማላውቃትን ሴት አልሰድብም። የማውቃትንም አልሰድብም» ብለው በትራቸውን አንሥተው ወደ ቤት ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት እልፍኝ አዲስ ማስታወቂያ ላከ። «ከጸሐፊዋ ጋር ያላችሁ ግንኙነት ሕያውና ጤናማ ሆኖ ተገኝቷል» ይላል። ከሥሩ የእትዬ ሳምራዊት አዲስ ደብዳቤ ነበር። ማራማዊት እስከ ሐሙስ አልጠበቀችም፤ ሰው ልካ በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

ደብዳቤው አጭር ነበር። እሑድ ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳ፣ ማክሰኞ ከመንገዱ በላይ ያለው፣ ነፋሱ ከምሥራቅ። ስለ ጉልበት የለም፣ ስለ ጣሪያ የለም፣ ስለ ምራት የለም። ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ አጫጭር ነበሩ። መጨረሻው ይህ ነው፦

«ከዶሻ የተጻፉልኝን ሁሉ አንብቤአለሁ። ይህን ያህል እንዳስቸገርኋችሁ አላወቅሁም ነበር። አሁን ያለውን ርጭት ነግሬያችኋለሁ፤ ከዚህ በኋላ አልጽፍም። ንቦቻችሁን ይጠብቅላችሁ።»

ማራማዊት ስልኩን አጥፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እትዬ ቤተልሔም «ወይኔ» አሉ፣ ደጋግመው።

ቅዳሜ ማታና ሰኞ ማታ ቀፎዎች ሁሉ ተደፈኑ። ድሮኖቹ መጡ፣ ረጩ፣ ሄዱ። በዶሻ አንድም ንብ አልሞተም። አቶ ሮቤል ጆሯቸውን አስጠግተው ሲያዳምጡ ፊታቸው በራ። ከዚያ ግን ርጭቱ ገና እስከ ጥቅምት መጨረሻ እንደሚቆይ ትዝ አላቸው። «ለሚቀጥለውስ?» ብለው ጠየቁ። 

የዶሻ ሰዎች ይቅርታ ጻፉ። ሁሉም ተመለሰ። ይቅርታ እንደ ምርቃት ነው፤ «አጥፍተናል፣ ማሪን» ያላለ አልነበረም። አንዱ ብልህ ነኝ ብሎ በግጥም ጻፈ፤ ዘበኛው «ማስታወቂያ» ብሎ ጣለበት።

በዚያ ሳምንት የጠቡ ወሬ ከንብ አናቢዎቹ አልፎ ሄደ። አንዲት እናት የጤና ጣቢያው ቀጠሮ እንዳይቀርባት ነርሷን «ሰነፍ» ብላ ጻፈችላት፤ ቀጠሮው በሰዓቱ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በጠዋት ከወላጆች ስድብ ሲደርሳቸው መልእክታቸው እየገባ መሆኑን አወቁና ተረጋጉ። ሰዎች ሻይ እየጠጡ ደብዳቤ ማየቱን ትተው ሻይ እየጠጡ መጣላት ጀመሩ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ግን እንደ ወትሮው ረጅም ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ማራማዊት ይቅርታዋን ለአምስተኛ ጊዜ ጻፈች። ቃላቱን ለዋወጠች፣ ቅደም ተከተሉን ቀየረች፣ ሥራዋ ይኸው አይደል። ተመለሰባት። አባቷ ከውጭ ገብተው ወንበራቸውን በእጃቸው እየፈለጉ «ዘበኛው አሳለፈው?» አሉ።

«አላሳለፈውም።»

«እሷስ?» አሉ አቶ ሮቤል። «እሷስ ስንት ዓመት ስታውቀን እንዴት አመነች?»

ይህን ሲሰሙት ተራ ጥያቄ ይመስላል። ማራማዊት ግን ስልኩን እንደያዘች ቀረች። እስከዚያ ሰዓት ዘበኛው ላይ፣ ጋሽ ኪሩቤል ላይ፣ ራሷ ላይ ተናድዳ ነበር። እትዬ ሳምራዊት ላይ መናደድ እንደምትችል አላሰበችም። አሁን ተናደደች። ፊቷ ጋለ። ቁጭ ብላ ጻፈች፤ አላረመችውም።

«አንቺ ሳምራዊት! እንዴት አመንሽን? በየሐሙሱ መጋዘን በረንዳ ላይ ተሰብስበን ስለ ጉልበትሽ ስንሰማ፣ ምራትሽን እንዳንቺ ሆነን ስናማ፣ ጣሪያሽ ሲያፈስ ዝናብ በመጣ ቁጥር ስናስብሽ የኖርን ሰዎች በአንድ ቀን ተነሥተን ሁላችን ስንሰድብሽ፣ ምን ሆነው ነው ብለሽ አልጠየቅሽም? ምርቃታችንን ዘበኛው ጣለው፣ ስድባችንን አሳለፈው፣ አንቺም እንደ ዘበኛው ስድቡን አመንሽ። እኔ ሰው ሰድቤ አላውቅም፣ ባንቺ ጀመርኩ፣ እሱንም ያደረግሁት ደብዳቤሽ እንዲመጣ ብዬ ነው። አባቴ እምቢ ብሎ ወጥቶ ነበር፣ እሱ ካንቺ ይሻላል። ንቦቹ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያንቺን ቃል ይጠብቃሉ፣ አንቺ ደግሞ ተቀይመሽ ቤትሽ ተቀምጠሻል። እንዴት ያለሽ ሴት ነሽ!»

ላከችው። ስልኩ ጥቂት አሰበ። አለፈ።

ማራማዊት ተነሥታ ውሃ ጠጣች። አባቷ ምን እንደጻፈች ጠየቋት፤ አልነገረቻቸውም።

እስከ ሐሙስ መልስ አልመጣም። ሐሙስ ሰዎቹ ያለ ጥሪ መጡ፤ ለመስማት ሳይሆን ከልማድ ነው የመጡት። አቶ ሮቤልም በትራቸውን ይዘው ዳር ላይ ተቀመጡ። ማራማዊት ባዶውን ሳጥን ለማሳየት ያህል ከፈተችው።

ባዶ አልነበረም። ደብዳቤው ረጅም ነበር፣ ወደ ታች ስትገፋው አያልቅም። ዓይኗ ፈጥኖ ወረደ፤ ቀኖቹ አሉ፣ ማሳዎቹ አሉ፣ ነፋሱ አለ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ የመጀመሪያውን መስመር አየችና ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«አንብቢያ» አሉ እትዬ ቤተልሔም።

ማራማዊት አነበበች፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «አንቺ ማራማዊት የተባልሽ ልጅ፣ እንዲህ ያለ አንደበት ይዘሽ እስከ ዛሬ የት ተደብቀሽ ነበር? ዓረፍተ ነገሬ ይረዝማል ያልሽኝ አንቺ፣ ያንቺው ምን ሊባል ነው? አንብቤ ስጨርስ ትንፋሽ አጠረኝ። ምራቴ ውሃ አምጥታ ነው ያዳነችኝ…»

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «ማንን ነው የምትቆጣው? አልተሰማም!»

«ከመጀመሪያው» አሉ አቶ ሮቤል ከዳር ሆነው። «ጮክ አድርገሽ፣ ልጄ።»

ማራማዊት ቀና ብላ ሁሉንም አየቻቸው። ከዚያ ወደ ላይ ተመለሰችና ስሟ ካለበት ጀመረች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።